ድንጋዩን የመረጠው ድልድይ

ጥቅምት 9

ጥፋተኛው አንተ ነህ፣ ሊቁ።

ሰላምታውን ከታች ታገኘዋለህ። ይህን ያስቀደምኩት እጄ ሳይዝል ለመገላገል ነው። መጻፍ እንዲህ ክንድ የሚያደክም መሆኑን ማንም አልነገረኝም፤ አንሶላ መጭመቅ ይሻላል።

እስከ ዛሬ የደረሱህን ደብዳቤዎች ሁሉ የጻፈልኝ የወደቡ ትኬት ቆራጭ ነው። እኔ በመስኮቱ በኩል ቆሜ እነግረዋለሁ፣ እሱ ወረፋው ሲቃለልለት ይጽፋል። ማንበብ የቻልኩ ጊዜ መጀመሪያ ያነበብኩት ላንተ ሊልከው ያዘጋጀውን ነው። እኔ «እናቱ ስትቀበር ያልመጣ ሰው ስለ ጉልበቴ አይጠይቀኝ በለው» ብዬው ነበር። እሱ የጻፈው «ውድ ወንድሜ ሆይ፣ ናፍቆትህ እንደ ባሕሩ ሰፍቶብኛል» የሚል ነው።

«ይህን እኔ ነኝ ያልኩት?» አልኩት።

«ያልሽውንማ ብጽፈው ቴምብሩ ያሳዝናል።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የምታደርገው?»

«ከመጀመሪያው። አንቺ ስትሳደቢ ወረፋው ሁሉ ይሰማሻል። ለሰውዬው እንኳ ሰላም ይድረሰው ብዬ ነው።»

ስለዚህ አንተ ይህን ሁሉ ዘመን የምትናፍቅህ ለስላሳ እህት አለችኝ ብለህ ኖረሃል። የለችህም። ያለሁት እኔ ነኝ። መርከበኞቹ ገመድ በሚያስቀምጡበት አዳራሽ፣ የማታ ትምህርት ገብቼ ተማርኩ። ፊደል የቆጠርኩት በመነጽር ነው።

አሁን ሰላምታው። ጤናህ እንደምን ነው? ባለቤትህ፣ ልጆችህ፣ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤትህስ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ፈጣሪ በወጣህበት በገባህበት ይጠብቅህ። ይህን ከልቤ ነው፤ ትኬት ቆራጩ አልጨመረውም።

ወደ ጥፋትህ ልመለስ። አባታችን ለመርከብና ለትምህርት ቤት የሚችለው ለአንድ ልጅ ብቻ በነበረ ጊዜ የተሻገርከው አንተ ነህ። እኔ ዩኒፎርምህን አጥቤ ሸኘሁህ። ያ የአባታችን ጥፋት ነው ትል ይሆናል፤ እሺ፣ ይሁን። የመሬቱስ? የቤታችንን ሥርዓት ታውቀዋለህ። ዳቦም ይሁን ሳሙና፣ ትልቁ ይቆርጣል፣ ትንሹ መርጦ ያነሣል። የሚቆርጠው ሰው እንዳያዳላ ነው። አባታችን ሲሞት መሬቱን በዚሁ ሥርዓት ቆረጥኩ። በአሮጌው ካብ ቀጥ አድርጌ፣ ከካቡ ወዲህ ወደቡን ተንተርሶ ያለውን አሸዋ፣ ከካቡ ወዲያ በደሴቱ ጀርባ ያለውን ድንጋይ። እንዲካካስ ብዬ ድንጋዩን ሰፋ አደረግኩት። አንተ ሁለቱንም ዞረህ አየህ፣ ጫማህን አውልቀህ አሸዋው ላይ ቆምክና «ይሄ» አልክ። በማግስቱ ተሳፈርክ። እኔ መቆፈሪያዬ ተሰብሮ፣ ባለድንጋይዋ የሚል ስም ወጥቶልኝ ቀረሁ።

ገንዘብ አልፈልግም። የምፈልገው ፊርማ ነው። ካርታው እስከ ዛሬ በአባታችን ስም ነው። የመሬት ጽሕፈት ቤቱ «ምን ምን እንደተካፈላችሁ ሁለታችሁም ፈርማችሁ አምጡ» ይላል። ድንጋዩ ላይ የሚከራዩ ክፍሎች መሥራት እፈልጋለሁ። ዕድሜዬን በሙሉ የእንግዳ ማረፊያውን አንሶላ ሳጥብ ኖርኩ። ሳልሞት የራሴን አንሶላ ማጠብ እፈልጋለሁ። በሞተ ሰው ስም ባለ መሬት ላይ ግን ቤት አይሠራም።

ፈርመህ ላክልኝ።

እህትህ


ኅዳር 28

ይድረስ ለተከበርሽው ታላቅ እህቴ፣ ለእትዬ፤

ባለሽበት ሰላምና ጤና ይብዛልሽ። እኔና ቤተሰቤ፣ ፈጣሪ ይክበር ይመስገን፣ በመልካም ጤንነት ላይ እንገኛለን።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ በእውነቱ ሌላ ሰው በስምሽ የጻፈው መስሎኝ ነበር። ባለቤቴም አንብባ «ያቺ የምትናፍቅህ እህትህ ይህች ናት?» ብላ ጠየቀችኝ። የሆነው ሆኖ በዚህ ዕድሜሽ ከፊደል ጋር በመተዋወቅሽ ኮርቻለሁ። ለትምህርትሽ እንዲረዳሽ ብዬ ስህተቶችሽን በቀይ እስክሪብቶ አክብቤ ደብዳቤሽን መልሼልሻለሁ። ብዙ ናቸው፤ ቢሆንም ተስፋ አትቁረጪ።

ስለ ፊርማው የሚያስቸኩል ነገር አይታየኝም። በእኔና በአንቺ መካከል ወረቀት ምን ያደርጋል? ድንጋዩም ቢሆን የትም አይሄድም። እኔ ጡረታ ስወጣ አሸዋው ላይ ትንሽ ሆቴል የመሥራት ሐሳብ አለኝ፤ ያኔ ሁሉንም አንድ ላይ እናስተካክለዋለን። ለጊዜው ጥቂት ገንዘብ ልኬልሻለሁ።

በሚመጣው ክረምት ለመምጣት አስቤያለሁ። ትኬት ቆራጩን ሰላም በይልኝ። እሱ መልካም ይጽፋል።

ወንድምሽ


ጥር 4

ወንድሜ፣ ዘመንህ ይባረክ፤ ልጆችህን ያሳድግልህ።

ደብዳቤዬ ደረሰኝ። የጻፉት ደብዳቤ ተመልሶ ሲመጣ፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ተደብድቦ እንደመጣ ነው። የከበብካቸውን ሁሉ አየሁ። «ፊርማ» የሚለውን ቃል አልከበብከውም፤ ትክክል ነበር ማለት ነው። ታዲያ ፊርማው የታለ?

ገንዘቡን ለትኬት ቆራጩ ሰጠሁት። በየደብዳቤው መጨረሻ ሲለምንህ የኖረው እሱ ነው። «ደብዳቤ ሲያልቅ እንዲህ ነው የሚባለው» ይላል። ጫማ ገዛበት። ያምርበታል።

አሁን ወሬ ልንገርህ። ከማዶ እስከ ደሴታችን ድልድይ ሊሠራ ነው። መሣሪያቸውን በሦስት እግር እያቆሙ የሚያዩ ሰዎች መጥተው ወደቡን አዩ፣ ሜዳውን አዩ፣ ከዚያ ወደ ጀርባው ዞሩ። ለፀሐይ ያሰጣኋቸውን አንሶላዎች ልሰበስብ ሄጄ አንዲት ቀያሽ ድንጋዬ ላይ ተንበርክካ አገኘኋት።

«ይህ የማን ነው?» አለችኝ።

«የእኔ ነው። ጨርቅ ለማድረቅ ካልሆነ ለምንም አይረባም።»

ሳቀች። «እማማ፣ ይህ አለት እስከ ባሕሩ ሥር የወረደ ነው። ያ የወደቡ አሸዋ በየክረምቱ ቦታውን ይለዋውጣል፤ ምሰሶ አይሸከምም። እዚህ ግን ባሕሩም ጠባብ ነው፣ መሬቱም አጥንት ነው።»

ከዚያ ቀይ ችካል ተከሉ። ከባሕሩ ጀምሮ በድንጋዬ መካከል ሽቅብ። ድልድዩ እግሩን የሚያሳርፈው በእኔ በኩል ነው ይላሉ። ስለዚህ ፊርማው አሁን ያስቸኩላል። መሬቱ በስሜ ካልሆነ የሚያናግሩት ሰው አያገኙም፤ አባታችንን ደግሞ ቀብረነዋል።

ክረምት እመጣለሁ ብለሃል። እንደ ሁልጊዜው ወደቡ ላይ ቆሜ እጠብቅሃለሁ።

እህትህ


መጋቢት 30

ይድረስ ለውድ ታላቅ እህቴ፤

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታሽን እጠይቃለሁ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው።

የድልድዩን ወሬ እኔም በጋዜጣ አንብቤ ሌሊቱን በደስታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የጠበቅኩት ቀን መጣ። ይሁንና አንድ ነገር ላርምሽ፤ እንዳታፍሪ እዚሁ በመካከላችን ይቅር። ድልድይ የሚያርፈው ሰውና ገበያ ባለበት ነው። ወደቡ የደሴቲቱ በር ነው፤ ከአያቶቻችን ጀምሮ የገባውም የወጣውም በእሱ ነው። በሩን ትቶ በጓሮ የሚገባ ድልድይ የለም። ድንጋይሽ ላይ ችካል የተከሉት ለሥራው የሚሆን ድንጋይ ሊፈልጡ ነው። ለአንቺም ጥሩ ነው፤ ከመሬትሽ ላይ ያነሡልሻል።

ከዚህ ሌላ፣ ባለፈው ስለ ፊርማው የጻፍሽው ትክክል መሆኑን ተረድቻለሁ። ድልድይ ሲመጣ የመሬት ዋጋ እንደሚወጣ የታወቀ ነው። ያኔ አንድ ሰው ተነሥቶ አሸዋው ላይ ድርሻ አለኝ እንዳይል ክፍፍላችን አሁኑኑ በጽሑፍ መቀመጥ አለበት። አንድ ሰው ስል አንቺን ማለቴ አይደለም። ጽሑፉን ራሴ አዘጋጅቼ፣ ፈርሜ፣ ማኅተም አስመትቼ ልኬልሻለሁ። ከካቡ ወዲህ ያለው የእኔ፣ ከካቡ ወዲያ ያለው የአንቺ። በመጨረሻው አንቀጽ ላይ «ወደፊት የአንደኛው ወገን መሬት ዋጋ ቢጨምርም ቢቀንስም፣ ሌላው ወገን እንደገና እንካፈል ብሎ አይጠይቅም» ይላል። ይህ ለሁለታችንም ሰላም ነው። በፍጥነት ፈርመሽ አስመዝግቢ።

ሆቴሉን አብረውኝ የሚሠሩ ጓደኞች አግኝቻለሁ። ለአንቺም የልብስ ማጠቢያ ክፍሉን አስቤልሻለሁ።

ወንድምሽ


ሚያዝያ 21

ወንድሜ፣ ሰላም ላንተ ይሁን። ቤትህ ይሙላ።

ጽሑፍህ ደረሰኝ። ትኬት ቆራጩ ላንብብልሽ ቢለኝም እንቢ አልኩት። በራሴ ዓይን፣ ቃል በቃል፣ ከዚያም ከሥር ወደ ላይ አነበብኩት። የመጨረሻው አንቀጽ ጥሩ ነው።

ከመፈረሜ በፊት ግን ደግሜ እነግርሃለሁ፤ ኋላ አልሰማሁም እንዳትል። ድልድዩ የሚያርፈው ድንጋዬ ላይ ነው። ሊፈልጡት አይደለም። ሊያርፍበት ነው። ቀያሿን ጠየቅኋት፤ የድልድዩን ሥዕል ድንጋዩ ላይ ዘርግታ አሳየችኝ። አሸዋህ ሌላ ዳር ነው። ይህን ጽፌ እንዳልሳሳት ለትኬት ቆራጩ አስነበብኩት። «ትክክል ነው፤ ግን ምነው ዝም ብትይ» አለኝ። ዝም አልልም። በቤታችን የሚመርጥ ሰው ሁለቱንም አይቶ ነው የሚመርጠው። አንተ አሁን አላየህም፤ እኔ እነግርሃለሁ።

መልስህን ጠብቄ እፈርማለሁ።

እህትህ


ግንቦት 16

(በፖስት ካርድ፤ ጀርባው ላይ ረጃጅም ፎቆች አሉ)

እትዬ፤ ስለዚያ ድንጋይ አታድክሚኝ። ድንጋዩ የአንቺ ነው። ፈርሚ።

በነገራችን ላይ «ድልድይ» ሲጻፍ መጨረሻው ላይ ሁለት «ይ» የለውም።

ወንድምሽ


ኅዳር 17

ወንድሜ፣ እንደምን ሰነበትክ? ፈጣሪ ዓይንህን ያብራልህ።

ክረምቱ አለፈ። አልመጣህም። ቀሚሴን እየተኮስኩ ወደቡ ላይ ቆምኩ። ገመድ ሳቢው ገና ከሩቅ ሲያየኝ «ዛሬም የለም» እያለ በእጁ ምልክት ይሰጠኛል። እሱም ሰለቸው መሰለኝ።

ፈረምኩ። የመሬት ጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ ቀና ብሎም ሳያየኝ የቀለሙን ሰሌዳ ለጣቴ ገፋልኝ። «ይህንን ለልብስ አጣቢ አታሳይ» አልኩት፤ «የማይለቅ ቀለም ነው።» ያን ጊዜ ቀና አለ። እስክሪብቶውን ሰጠኝ። ስሜን ስጽፍ ከኋላዬ ያሉት ሰዎች ቆመው ጠበቁ። ቀስ ብዬ ነው የጻፍኩት፤ ወረፋ የማስጠበቅ ተራ አንድ ቀን ለእኔም ይድረሰኝ።

ለድልድዩ እግር የሚሆነውን ቦታ መሥሪያ ቤቱ ካሳ ሰጥቶ ወሰደ። የቀረው በስሜ ነው። ወዲያው ከማዶ ደላላ መጣ። ማዕበል ነበር፤ መርከብ ላይ ሲያስመልሰው እንደነበር ፊቱ ያስታውቃል።

«እማማ፣ ይህ እኮ ድንጋይ ነው» አለኝ። «ፍየል እንኳ አይሰማራበትም። ልገላግልሽ።»

«ድንጋይ ለማየት ነው በዚህ ማዕበል የመጣኸው?»

«አዝኜልሽ ነው።»

«ያዘነ ሰው ጫማው እንዲህ አያበራም» አልኩት።

በልቤ ግን ተጨንቄ ነበር። የጠራው ዋጋ እንደኔ ላለች ሴት ብዙ ነው። ቀያሿን ልጠይቃት ሄድኩ። «እኔ ችካል ነው የምተክለው፣ ምክር አልሸጥም» አለች። ሻይ ሰጠኋት። ጠጥታ ስትጨርስ ተናገረች።

«መሬትሽ ዛሬም ነገም ያው ነው፣ እማማ። የሚለወጠው እሱ ጋ ለመድረስ የሚፈጀው ጊዜ ነው። ዛሬ ሰው እዚህ ለመምጣት መርከቡን ይጠብቃል፣ ንፋሱን ይጠብቃል፣ ተመልሶ ለመሄድም ያድራል። ድልድዩ ሲያልቅ ከማዶ የተቀዳ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ይደርሳል። ያ ሰውዬ የሚከፍልሽ በዛሬው መርከብ ነው። የሚሸጠው በነገው መንገድ።»

አልሸጥኩም። የድልድዩ ሠራተኞች ማደሪያ ይፈልጉ ስለነበር ቦታ አከራየኋቸው፤ ቅድሚያ የከፈሉኝን ክፍል ሠራሁበት። ግድግዳውን በምን የሠራሁት ይመስልሃል? በራሱ በድንጋዩ። ግንበኛው «እንዲህ ያለ ድንጋይ በገንዘብ ነው የሚገዛው፤ አንቺ ላዩ ላይ ተቀምጠሽ ነበር» አለኝ። መቆፈሪያዬን የሰበረው ድንጋይ አሁን የደጃፌ ደረጃ ነው። ጧት ማታ እረግጠዋለሁ።

ሠራተኞቹ ጫማቸውን ሳያወልቁ ይተኛሉ፤ አንሶላዎቼ ፍዳቸውን ያያሉ። ግን የእኔ ናቸው። ከትኬት መሸጫው ጀርባ ያለችዋን ክፍል ለቅቄያለሁ። መርከቡ ጡሩንባ ሲነፋ ብርጭቆዎቼ መደርደሪያው ላይ የሚጨፍሩባትን። አሁን ብርጭቆዎቼ ጨዋ ሆነዋል።

እህትህ


ሚያዝያ 2

እትዬ፤ ሰላም ላንቺ ይሁን።

ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ተነሥቼ ብዙ ጊዜ ተውኩት። ሆቴሉን አብሮኝ ሊሠራ የነበረ ጓደኛዬ የድልድዩን ፕላን አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው። «አሸዋህ የቱ ጋ ነው?» አለኝ። ጣቴን አሸዋው ላይ አደረግኩ። እሱ ጣቱን ድልድዩ ላይ አደረገ። በሁለቱ ጣቶቻችን መካከል ደሴቱ በሙሉ ነበር። ኮቱን ለብሶ ሄደ። ሌሎቹም ስልኬን አያነሡም።

ነገሩን ታውቂ ከነበረ ለምን አጥብቀሽ አልነገርሽኝም? እህት ለወንድሟ እንዲህ ታደርጋለች? ድልድዩ ሲያልቅ መርከቡ እንደሚቆም ሰማሁ። መርከብ የማይመጣበት ወደብ አጠገብ ያለ አሸዋ ምን ይሠራል?

ያ ክፍፍል የተደረገው ማንም ይህን ባላወቀበት ጊዜ ነው። እንደገና መካፈል አለብን። የቤታችን ሥርዓት የተሠራው ለዳቦና ለሳሙና ነው፤ ለድልድይ አይደለም። ታላቅ እህት እናት ማለት ናት። እናትነትሽን እጠብቃለሁ።

ወንድምሽ


ሚያዝያ 29

ወንድሜ፣ ጤና ይስጥህ።

ሁለት ጊዜ ነገርኩህ። ሁለት ጊዜ አረምከኝ።

ፖስት ካርድህን መልሼልሃለሁ። «ድንጋዩ የአንቺ ነው። ፈርሚ» የሚለውን በቀይ አክብቤዋለሁ። ስህተት አግኝቼበት አይደለም። ወድጄው ነው።

ፎቆቹ ያምራሉ።

እህትህ


መስከረም 25

ለእትዬ፤

አዲሱ ዘመን የሰላም ይሁንልሽ። ከአንድ ዓመት በላይ ዝም ማለቴን አውቃለሁ። ምን ብዬ እንደምጽፍ ጠፍቶኝ ነው።

እንደገና እንካፈል ያልኩትን ትቼዋለሁ። አንቀጹን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ደብዳቤዎችሽን አውጥቼ እንደገና አነበብኳቸው። አንድም የተደበቀ ነገር የለም። እኔ ፊደሉን እያየሁ ነገሩን አላየሁም።

የኢንሹራንስ ሥራዬ አብቅቷል። ልጆቹ የየራሳቸውን ኑሮ ይዘዋል። ባለቤቴ እህቷ ዘንድ ናት፤ ለምን እንደሆነ ሌላ ጊዜ እነግርሻለሁ። የቀረኝ ያ አሸዋ ነው። ሰዎችን ጠይቄ ነበር፤ ከድልድዩ እስከ አሸዋው መኪና የሚያስገባ መንገድ ቢኖር ትናንሽ ቤቶች ሠርቶ ማከራየት ይቻላል አሉኝ። መንገድ ከሌለ ግን ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ያ መንገድ ደግሞ በአንቺ መሬት ካልሆነ በሌላ አያልፍም።

አውቃለሁ፣ ለመጠየቅ አፍ የለኝም። ይኸው ጠየቅኩ።

ደግሞ የመምጫ ትኬት መግዣ የለኝም። ይህን መጻፍ ቀላል አልነበረም። በሚመጣው ክረምት፣ ከቻልኩ፣ እመጣለሁ።

ወንድምሽ

ስህተት ካለው አርሚው።


ኅዳር 11

ወንድሜ፣ ሊቁ፣ ያባቴ ልጅ፤

ሰላምታዬ ከነፋሱ ቀድሞ ይድረስህ። አንተን፣ ልጆችህን፣ ባለቤትህንም ባለችበት ቦታ ሁሉ ፈጣሪ ደህና ያድርጋችሁ። ደብዳቤህ ስህተት የለውም። ካነበብኳቸው ሁሉ እሱን ወደድኩት።

ድልድዩ ተመረቀ። ሹማምንቱ ሪባኑን ይዘው መቀሱን ሲፈልጉ እኛ በጎን በኩል አልፈን አውቶቡሱ ውስጥ ገባን። ትኬት ቆራጩ ከጎኔ ተቀመጠ። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያሳፍር ኖሮ፣ ራሱ ትኬት ይዞ ሲቀመጥ የመጀመሪያው ነው፤ በሁለት እጁ ጥብቅ አድርጎ ይዞታል። መካከሉ ላይ ስንደርስ ታች አየሁ። ያ ስንት ጊዜ ያስለቀሰን ባሕር ከላይ ሲያዩት የታጠበ ሰማያዊ አንሶላ ይመስላል። «ፈራሽ?» አለኝ። «እኔ አልፈራሁም፤ አንተ ግን ትኬቱን አላበኸው» አልኩት። ማዶ ወርደን ሻይ ጠጥተን ተመለስን። ሌላ ጉዳይ አልነበረንም። ተሻግሮ መመለስ ብቻ እንዴት ያለ ነገር መሰለህ። ልጅ ሆኜ አንተን ስሸኝ የቆምኩበትን ቦታ ከላይ አየሁት። ትንሽ ነው።

አሁን ቤቴን ላሳይህ። ሠራተኞቹ ሲሄዱ ክፍሎቹን አስለስኜ፣ መስኮቶቹን ወደ ባሕሩ አስፍቼ፣ የእንግዳ ማረፊያ አደረግኩት። ከበሩ በላይ «የባለድንጋይዋ ማረፊያ» ይላል፤ ሰዓሊው ቀለሙን የቀባው እኔ በጠመኔ የጻፍኩት ላይ ነው። ትኬት ቆራጩ መርከቡ ሲቆም ሥራ ስለሌለው እንግዳ መቀበያው ላይ አስቀመጥኩት። ለእንግዶች በጽሑፍ የሚመልሰውን ሁሉ ግን እኔ ሳላነብ አይልክም፤ አንዱን ነጋዴ «ናፍቆትዎ ሰፍቶብናል» ብሎት ደርሼበታለሁ። አውቶቡሱ የሚቆመው ከደጄ ፊት ለፊት ነው። ከመቆሚያው ጎን ለመድኃኒት ቤት አንድ ቦታ፣ ለዓሣ ማቀዝቀዣ አንድ ቦታ፣ ለጎማ ጠጋኝ አንድ ቦታ አከራይቻለሁ። አንዱንም አልሸጥኩም። ጎረቤቶቼንም እየዞርኩ አትሽጡ ብያቸዋለሁ፤ የቀያሿን ነገር በእሷ አነጋገር ነገርኳቸው። የሰሙኝ ዛሬ ቤት እየሠሩ ነው። ዓሣ አጥማጆቹ ዓሣቸውን ጧት አውጥተው ለምሳ ማዶ ያደርሳሉ። የደሴታችን ነርስ ልጅ ማዶ ተምራ ማታ ቤቷ ትገባለች። አንዲት ሴት ልጅ፣ ወንድሜ፤ ማንም «አንዱን ብቻ ነው የምችለው» ሳይላት።

ያ ደላላም ተመልሶ መጥቶ ነበር። በአውቶቡስ። ክፍል ይዞ አደረ፣ ከፈለ። ጧት «ምነው ያኔ ትንሽ ጨምሬ በነበር» አለኝ። አንሶላው ተመቸህ ወይ ብዬ ጠየቅሁት።

ለዚህ ሁሉ ጥፋተኛው አንተ ነህ። አሸዋውን ባትመርጥ ኖሮ ድንጋዩ አይደርሰኝም ነበር። ብዙ ዓመት ይህንኑ ስረግምህ ኖሬ አሁን ልመርቅህ ስል አፌ እንቢ አለኝ፤ ልማድ ነው። ስለዚህ ምርቃቱን እንደተመረቅክ ቁጠረው።

መንገዱን እሰጥሃለሁ። ኪራይ አልጠይቅህም። አሸዋው ያለ መንገድ ቢቀር የሚደርቀው ያንተ ብቻ አይደለም፤ ወደቡ አካባቢ ያሉት ሱቆችም መርከቡ ከቆመ ወዲህ ደንበኛ አጥተዋል፤ መንገድ ሲገባላቸው ይነሣሉ። ከማረፊያዬ ሞልቶ የሚተርፈውን እንግዳ ወደ ቤቶችህ እልክልሃለሁ። ግን የቤታችን ሥርዓት ለድልድይ አይሆንም ያልከው ስህተት ነው። ይሆናል። መጥተህ ድንጋዩ ላይ በእግርህ ትሄዳለህ፤ ጫማህን ሳታወልቅ፣ ይወጋል። ከዚያ መንገዱ ሊያልፍበት የሚችልባቸውን ሁለት ቦታዎች ምልክት ታደርጋለህ። አሁን የምትቆርጠው አንተ ነህ። የማነሣው እኔ ነኝ። በደንብ አስበህ ቁረጥ፤ እኔ ሁለቱንም አይቼ ነው የምመርጠው።

ትኬትህን ከዚህ ጋር አድርጌዋለሁ። አውሮፕላኑም አውቶቡሱም አለበት። ብድር አይደለም፤ ትኬት ቆራጩ በየደብዳቤው የለመነህን ሁሉ መለስኩልህ በል። ክፍልህ በባሕሩ በኩል ያለው የመጀመሪያው ነው። አንሶላው የታጠበ ነው፤ ያጠብኩት እኔ አይደለሁም፣ ማሽን ገዝቻለሁ። ከአውቶቡሱ ስትወርድ ደረጃው ከፊትህ ነው፤ በመቆፈሪያ የተፈነከተውን ድንጋይ ረግጠህ ግባ። ወጥቼ የማልቀበልህ እንግዳ ስላለብኝ ነው፤ ማታ እራት ላይ እናወራለን። ስለ ባለቤትህም ያኔ ትነግረኛለህ።

ክረምት በመጣ ቁጥር «እመጣለሁ» ብለህ ስትጽፍልኝ ቀሚሴን እተኩስ ነበር። የመጨረሻው ተሳፋሪ ወርዶ፣ ገመዱ ተፈትቶ፣ መርከቡ እስኪዞር ድረስ እቆም ነበር። ጉልበቴ የተጎዳው በልብስ ማጠብ ነው ብዬህ የማውቀው ውሸት ነው። በመቆም ነው።

ብትመጣ ደስ ይለኛል። ባትመጣም ክፍሉ ሰው አያጣም።

ወደቡ ላይ ግን ከእንግዲህ ቆሜ አልጠብቅህም።

እህትህ፣ ባለድንጋይዋ